እናቴና የቴሌቪዥኑ ታሪክ ጸሐፊ

እንግሊዝኛ ያስተማሩኝ አንድ አሜሪካዊ ታሪክ ጸሐፊ ናቸው። ፊት ለፊት አላስተማሩኝም፤ ከቴሌቪዥን ውስጥ ሆነው ነው። ከአዲስ አበባ መጥቼ በአሜሪካ ዋና ከተማ ዳር ሲልቨር ስፕሪንግ ከእናቴ ጋር ስገናኝ አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። የአንድ ቤት ምድር ቤት ተከራይተን ነበር የምንኖረው፤ ኬብል የሚባለውን ነገር አላስገባንም። አንቴናው አጥርቶ የሚያመጣልን ጣቢያ አንድ ብቻ ነበር፤ ማስታወቂያ የሌለው፣ ሽማግሌ የሚበዛበት፣ ልጅ አየዋለሁ ብሎ የማይከፍተው የሕዝብ ጣቢያ። እኔ ግን ምርጫ አልነበረኝም። ከትምህርት ቤት ተመልሼ፣ በሩን ከውስጥ ቆልፌ ስከፍተው ሰውየው ቡናማ ሹራባቸውን ለብሰው፣ እጃቸውን ኪሳቸው ውስጥ ከትተው፣ በአንድ የተተወ የጀልባ ቦይ ዳር ወደ እኔ እየተራመዱ ይመጣሉ።

ለፕሬዚዳንቶችና ለጄኔራሎች ብዙም ግድ አልነበራቸውም። ፊልሞቻቸው ቦዩን በአካፋ ስለቆፈሩት፣ ጀልባውን በበቅሎ ስለጎተቱት፣ የሌላ ሰው ልብስ እያጠቡ ልጅ ስላሳደጉት ሰዎች ነበሩ። ስለ ራሳቸው ሲናገሩ ደግሞ አንድ ታሪክ ደጋግመው ያነሳሉ። ወጣት ሳሉ በአንዲት ትንሽ ከተማ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ታሪክ ያስተምሩ ነበር፤ ተማሪው ሁሉ ያንቀላፋባቸዋል። አንድ ቀን ሲመርራቸው ጡረታ የወጣ የባቡር ሐዲድ ሠራተኛ ጎረቤታቸውን ይዘው ክፍል ገቡ፤ እሱን በአስተማሪው ወንበር አስቀምጠው ራሳቸው ከተማሪዎቹ መሀል ተቀመጡ። የዚያን ቀን ማንም አላንቀላፋም። ከዚያ በኋላ ማስተማሩን ትተው ቴፕ ይዘው ከሰው ቤት ሰው ቤት መዞር ጀመሩ፤ ከዚያ አንድ ወፍራም መጽሐፍ ወጣ፣ ከመጽሐፉ በኋላ ቴሌቪዥኑ መጣ። የዩኒቨርሲቲ ሰዎች «ይሄ ወሬ እንጂ ታሪክ አይደለም» እያሉ ይነቅፏቸው እንደነበር ያወቅኩት ካደግኩ በኋላ ነው። ያኔ ሰምቼ ቢሆን ኖሮ እደባደብላቸው ነበር።

አነጋገራቸውን እንዳለ ወረስኩት። የክፍል ጓደኞቼ የሚናገሩት እንግሊዝኛ ሌላ፣ የኔ ሌላ ሆነ። የሳይንስ አስተማሪዬ የቤት ሥራዬን ለምን እንዳልሠራሁ ስትጠይቀኝ እጄን ኪሴ ከትቼ፣ ራቅ አድርጌ እያየሁ፣ በዝግታ ነገሩ የጀመረው ከብዙ ዘመን በፊት እንደሆነ ነገርኳት። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። አስተማሪዋም ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት ወደ ሰሌዳው ዞረች። የቤት ሥራውን ግን ሠርቼ እንድመጣ አደረገችኝ።

እናቴ በነዚያ ዓመታት ሁለት ሥራ ነበራት። ጠዋት ቢሮ ታጸዳለች፤ ከቀትር በኋላ የአንድ ትልቅ ሆቴል ልብስ ማጠቢያ ትገባና እኔ ከተኛሁ በኋላ ትመለሳለች። ከሰዓት ላይ ግን ሳትደውል ቀርታ አታውቅም። ገባሽ ትለኛለች፣ ገባሁ እላለሁ። ቆለፍሽ ትለኛለች፣ ቆለፍኩ እላለሁ። «በይ» ትልና ስልኩ ይዘጋል። እንዴት ዋልሽ የለ፣ ምን በላሽ የለ። የተዘጋውን ስልክ እንደያዝኩ የምቆምባቸው ቀናት ነበሩ።

ይሄ ቅሬታ ብቻውን አልመጣም። ዲቪ ሲደርሳት ስፖንሰር የሆናት የሩቅ ዘመድ አንድ ሰው እንጂ ሁለት አላስጠጋም ስላለ፣ እኔን እህቷ ጋ ትታኝ ብቻዋን መጣች። ቶሎ ትወስድሻለች ተባልኩ፤ ወረቀቱ ሲጓተት አምስት ዓመት አለፈ። በየመካከሉ ፎቶ ትልካለች፤ በአንዱ ቀይ መኪና ተደግፋ፣ በሌላው አበባ መሀል ቆማ። መኪናው የሌላ ሰው፣ አበባውም የመንገድ ዳር መሆኑን ልጅ ከየት ያውቃል? ደልቷት ረሳችኝ ብዬ ደመደምኩ። አድጌ፣ ተምሬ፣ ነገሩ እንደዚያ እንዳልነበረ በአእምሮዬ ከተረዳሁ በኋላ እንኳ ሆዴ አልሰማኝም። ከእሷ አፍ መስማት ፈለግኩ። እነዚያን ዓመታት እንዴት እንዳሳለፈቻቸው፣ ስላለሁበት ታስብ እንደነበር፣ ይኼን ብቻ። በጠየቅኳት ቁጥር «ያለፈ አለፈ፣ ምን ያደርግልሻል» ብላ ወደ ምጣዷ ትዞራለች። እናቴ ስለ ራሷ የምትሰጠው መልስ አንድ ነው፤ ተመስገን።

አሁን እኔ ከሲልቨር ስፕሪንግ ብዙም በማይርቀው አሌክሳንድሪያ ከባለቤቴና ከልጄ ጋር እኖራለሁ፤ ሥራዬ ሆስፒታል ውስጥ አማርኛ ማስተርጎም ነው። ከጥቂት ዓመት በፊት በሥራዬ በኩል አንድ መልእክት ደረሰኝ። እኚያ ታሪክ ጸሐፊ፣ ሰማንያውን አልፈው፣ የመጨረሻዬ ነው ያሉትን ፊልም እየሠሩ ነው። ዋና ከተማዋን ስላጠቡት፣ ስለጠረጉትና ስላበሰሉላት ሰዎች ነው ፊልሙ። ሆቴል ልብስ ማጠቢያ የሠራች፣ በራሷ ቋንቋ የምትናገር ትልቅ ሴት ካለች እያሉ ነው።  ሌላ ሰው ማሰብ አላስፈለገኝም።

ተንኮሌን ልናገር። የሰውየውን አሠራር በልጅነቴ አጥንቼዋለሁ። ጥያቄ ይጠይቃሉ፤ ሰውየው ይመልሳል፤ እሳቸው ግን ሌላ ጥያቄ አይጨምሩም። ዝም ይላሉ። ዝምታው ሲረዝም ተጠያቂው ይጨንቀውና፣ ሊናገረው ያላሰበውን ነገር ራሱ አውጥቶ ይዘረግፈዋል። ጠንካራ የተባሉ ወታደሮችና የማዕድን ቆፋሪዎች በዚያ ዝምታ ሲያለቅሱ አይቻለሁ። እኔ ሃያ ምናምን ዓመት ያልቻልኩትን እሳቸው በአንድ ቀን ይገላግሉኛል ብዬ ተስፋ አደረግኩ። ጥግ ይዤ ቁጭ ብዬ መስማት ብቻ ነበር ሐሳቤ።

እናቴን ለማሳመን ብዙ ተዘጋጅቼ ነበር የሄድኩት። አላስፈለገም። የማን ፊልም እንደሆነ ስነግራት የያዘችውን ድስት ምድጃው ላይ አስቀምጣ «ሰውዬሽ ናቸው?» አለችኝ፤ ከድሮም «ሰውዬሽ» ነበር የምትላቸው። አዎ ስላት ይምጡ አለች። እኔም እፈልጋቸዋለሁ ብላም ጨመረች። ለምን እንደምትፈልጋቸው ብጠይቃት ጆሮ ዳባ ልበስ።

የፊልሙን ሥራ የምትመራው ፕሮዲውሰር አንድ ነገር አጥብቃ አሳስባኝ ነበር፤ ቤቱ እንዳለ ይሁን፣ ምንም ነገር እንዳይነካ፣ የምንፈልገው የዘወትር ኑሮዋን ነው። ለእናቴ ስነግራት አበደች እንዴ በሚል ዓይን አየችኝ። ቀኑ መጀመሪያ ዓርብ ነበር፤ በጾም ቀን እንግዳ በሽሮ አልሸኝም ብላ አሻፈረኝ ስላለች ወደ ቅዳሜ ዞረ። ቅዳሜ ጠዋት ከአሌክሳንድሪያ ቤልትዌይ የሚባለውን የቀለበት መንገድ ይዤ እናቴ ዘንድ ሲልቨር ስፕሪንግ ስደርስ ቤቱ አላወቀኝም፣ እኔም አላወቅኩትም። መጋረጃው አዲስ ነው። ምንጣፉን አንዲት ጓደኛዋ ስካይላይን ከሚባለው የመኖሪያ ፎቅ አስወርዳ፣ በልጇ መኪና ጭና አምጥታዋለች። ከማኅበሯ የመጡ ሦስት ሴቶች ወጥ ቤቱን ይዘውታል፤ ዶሮው፣ ክትፎው፣ አይቡ ሁሉም ደርሷል። እናቴ ለፋሲካ እንኳ የማታወጣውን ጥልፍ ቀሚሷን ለብሳ ሶፋው ላይ ጉብ ብላለች።

የዘወትር ኑሮዋ የት ሄደ ብዬ ዞር ዞር አልኩ። የካውያ ጠረጴዛው፣ የልብስ ስፌት መኪናው፣ ከሆቴሉ ስትሰናበት ይዛው የቀረችው ግራጫ የሥራ ጋውን፣ እግሯ ሲያብጥ የምታደርገው ሰፊ ጫማ፣ የመድኃኒቷ ሣጥን፣ አንድም የለም። ቆይቶ የፊልም ሰዎቹ ሲመጡ የድምፅ ባለሙያው መጸዳጃ ቤት ለመጠቀም ጠይቆ ገባና ወዲያው ተመልሶ ወጣ፤ ገብቼ ሳይ የገላ መታጠቢያው መጋረጃ ተከፍቶ ሁሉም ነገር እዚያ ተቆልሏል። አሜሪካ ውስጥ የኖረችውን ዕድሜ በሙሉ መታጠቢያ ውስጥ ከታ መጋረጃ ጋርዳበታለች።

ታሪክ ጸሐፊው በር ላይ ብቅ ሲሉ ግን የምስቅበት አቅም ጠፋ። ከዘራ ይዘዋል። ሹራቡ ሌላ ነው፤ ቀለሙ ግን ያው ቡናማ። ድምፃቸው ሲወጣ ሳላስበው አሥራ አንድ ዓመቴ ላይ ነበርኩ። እናቴ ብድግ ብላ ሁለት እጃቸውን ይዛ ብዙ ቆየች፤ እንግዳ የምትቀበልበት ወጉ ነው ብዬ አለፍኩት። ከዚያ ምሳ ካልበላችሁ ሥራ የለም ተባለ። ካሜራማኑ መጀመሪያ በይሉኝታ፣ በኋላ በደስታ በላ። ታሪክ ጸሐፊው ከእናቴ እጅ ጉርሻ ሲቀበሉ አፋቸውን በአግባቡ ከፍተው ነው፤ የሰው ቤት መግባት የለመደ ሰው ነገሩ ገብቶታል።

ሥራው ሲጀመር ሁለት ነገር ተበላሸ። አንደኛ፣ የድምፅ ባለሙያው ማቀዝቀዣው ይጮኻል ብሎ ሶኬቱን ነቀለው። ሲሄድ ሳይሰካው እንዳይረሳ ደግሞ የመኪናውን ቁልፍ ማቀዝቀዣው ውስጥ አስቀመጠ፤ ልማዳቸው ነው አሉ። እናቴ አንድ ወንድ ከወጥ ቤቷ ገብቶ ቁልፉን ከክትፎው አጠገብ ሲያስቀምጥ አየች። ሁሉንም ብናስረዳትም ዓይኗ ከወጥ ቤቱ በር አልነቀል አለ። ሁለተኛው ከዚህ የከፋ ነበር። ከውድብሪጅ ይመጣል የተባለው አስተርጓሚ ደውሎ፣ 95 በሚባለው አውራ ጎዳና ላይ አደጋ ደርሶ መንገዱ በመዘጋቱ ካለበት መንቀሳቀስ እንዳልቻለ ነገረን። ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ።

በሙያችን ለቤተሰብ አይተረጎምም። ይኼን ለፕሮዲውሰሯ ነገርኳት። ታሪክ ጸሐፊው ግን እናቴን ራሷን ጠይቂልኝ አሉ። ስጠይቃት ከአንቺ ሌላማ ማን ይሆናል አለችና የነጠላዋን ጫፍ አስተካከለች። ሌላም ደንብ አለን። አስተርጓሚ «እሷ እንዲህ አለች» አይልም። በሽተኛዋ «ደረቴን ያመኛል» ካለች እኔም «ደረቴን ያመኛል» ነው የምለው፤ በመካከሉ እኔ የለሁም። ለዓመታት የሰው ደረት፣ የሰው ወገብ፣ የሰው ሐዘን በራሴ አፍ ሳወጣ ኖሬአለሁ። ለዛሬም አያቅተኝም ብዬ ከካሜራው ጎን ተቀመጥኩ።

አቃተን። የኔ ሳይሆን የእሳቸው ዘዴ ነው ያልሠራው። ሥራው እንዴት ነበር አሉ። እናቴ ተመስገን፣ ጥሩ ነበር አለች። ታሪክ ጸሐፊው ዝም አሉ። እናቴም ዝም አለች። ዝምታው ረዘመ፤ የኔ ላብ መጣ፣ ፕሮዲውሰሯ ሰዓቷን አየች፣ እናቴ ግን ምንም አልመሰላት። በየእሑዱ ቅዳሴ ቆማ የምታስቀድስ ሴት በዝምታ ትጨነቃለች ብዬ ማሰቤ! ጭራሽ ሰውየው ደክሟቸው የሚያርፉ መሰላትና ውኃ ስጫቸው አለችኝ። ሰዎቹ እንዴት ተቀበሏችሁ ብለው ቢጠይቁ፣ እግዜር ይስጣቸው፣ ጥሩ ሰዎች ናቸው። ከባዱ ጊዜ የትኛው ነበር ቢሏት፣ ሁሉም ያልፋል፣ ተመስገን። ወታደር ያስለቀሰ ዝምታ እናቴ ሶፋ ላይ ተሸነፈ።

ፕሮዲውሰሯ ጎንበስ ብላ፣ ሌሎች ቀጠሮ የያዝንላቸው ሴቶች አሉ፣ እዚህ ብንበቃስ ብላ ሹክ ስትላቸው ሰማኋት። ቅስሜ ተሰበረ። በእሳቸው ፊት ካልተናገረች ለማንም አትናገርም፤ ከዚህ በኋላ እኔም አልጠይቃት። ያኔ ታሪክ ጸሐፊው መነጽራቸውን አወለቁና፣ ከዘራቸውን ወንበሩ ላይ አስደግፈው ሌላ ነገር ጠየቁ። ስለ ሥራም ስለ ኑሮም አልነበረም። መጠየቅ እንደማትወድ ገብቷቸዋል፤ ታዲያ ይምጡ ብላ ለምን ፈቀደች?

እናቴ ዓይኗን ከወጥ ቤቱ በር አነሳች።

«ላመሰግንዎ ነው» አለች። «ልጄን ስለጠበቁልኝ።»

«ላመሰግንዎ ነው፤ ልጄን ስለጠበቁልኝ» አልኩ በእንግሊዝኛ፣ እንደ ደንቡ። የተናገርኩት ምን እንደሆነ ግን አልገባኝም ነበር። እሳቸውም አልገባቸውም፤ ዝም አሉ። በዚህ ጊዜ ግን እናቴ ቀጠለች።

«ትቻት የመጣሁ ጊዜ ስድስት ዓመቷ ነበር። ስትመጣ ደግሞ ትልቅ ልጅ ሆና፣ ኤርፖርት ላይ እንደ እንግዳ እጇን ዘርግታ ጨበጠችኝ። ልቤ ስንጥቅ ነው ያለው። አምስት ዓመት ሙሉ እንዴት አድርጌ እንደማቅፋት ሳስብ ነበር የኖርኩት።»

እኔ ከኤርፖርቱ የማስታውሰው እሷ እጇን ስትዘረጋልኝ ነው። እሷ አላቀፈችኝም ብዬ ነው ዕድሜዬን የቆጠርኩት። አሁን ግን አስተርጓሚ ነኝ። «ትቻት መጣሁ» አልኩ፤ «እንዴት እንደማቅፋት ሳስብ ኖርኩ» አልኩ። ልጅቷ እኔ ሆኜ እናትየዋም በአፌ እኔው ነበርኩ። ድምፄ እንዳይሰበር ወለሉን እያየሁ ተናገርኩ።

«ሁለት ሺፍት ነበረኝ» አለች እናቴ። «ሰዎች ልጅሽን ብቻዋን ትተሽ እንደምትሄጂ ከታወቀ መንግሥት ይወስድብሻል አሉኝ። ስንት ዓመት ለምኜ ያመጣኋትን ልጅ! ለማንም አልተናገርኩም። የሎንድሪው ስልክ ለእኛ አይፈቀድም። ሱፐርቫይዘሯ ብሬክ ስትወጣ ቶሎ ኮል አደርግና እዘጋለሁ። ልጄ ሃሎ ሳትል ገና ከኋላዋ የሚሰማኝ የእርስዎ ድምፅ ነው። ምን እንደሚሉ አላውቅም፤ እንግሊዝኛዬ አይደርስም። ግን ድምፅዎ ካለ ልጄ ቤቷ ናት፣ በሩም ተዘግቷል ማለት ነው። ያንን ሰምቼ አንሶላዬን አጥፋለሁ።»

እያንዳንዱን ቃል ተረጎምኩ። እንዴት እንደተረጎምኩት ዛሬም አላውቅም። ታሪክ ጸሐፊው በቀስታ፣ ድምፃቸው ያልነበረበት ቀን ኖሮ እንደሆነ ጠየቁ። ነበር አለች። አንድ ቀን ስትደውል ሃሎ አልኩ፤ ደህና ነኝ፣ ቆልፌአለሁ አልኳት፤ ከኋላዬ ግን ጸጥ ብሏል። ሰው ገብቶ ቴሌቪዥኑን አጥፍቶ፣ ደህና ነኝ በያት ያለኝ መሰላት። የያዘችውን አንሶላ ጥላ፣ ማንንም ሳታስፈቅድ፣ በሥራ ልብሷ አውቶቡስ ላይ ዘለለች።

ቀኑን አወቅኩት። መብራት ጠፍቶ ነበር። እናቴ ለመጀመሪያ ጊዜ በፀሐይ ቤት መጣች፤ ላቧ ፊቷ ላይ ይወርዳል፤ ቁጡ ነበረች፤ ምን ሆነሽ ነው ብላ ጮኸችብኝ። ያለ ምክንያት የጮኸችብኝ ቀን ብዬ ነበር የያዝኩት።

«በማግሥቱ ሥራውን አጣሁት» አለች እናቴ። «ለሷ ግን ፈቃድ ነው የወጣሁት አልኳት።»

ይኼን መተርጎም ነበረብኝ። አፌን ከፈትኩ፤ ቃሉ አልወጣ አለ። ምክንያቱም ያንን ፈቃድ አውቀዋለሁ። ከልጅነቴ ሁሉ የምወዳቸው ሳምንታት ናቸው። ከትምህርት ቤት ስወጣ በር ላይ ቆማ ትጠብቀኛለች። ቤተ መጻሕፍት ሄደን ሥዕል ያለው መጽሐፍ እያገላበጥን እንቀመጣለን፤ እሷ ስትስቅ ጥርሷን ያየሁት ያኔ ነው። ሥራዋን በኔ ምክንያት አጥታ፣ ኪራዩን ከየት እንደምታመጣ ሳታውቅ፣ እጄን ይዛ ስታዝናናኝ ነበር። «ፈቃድ ነው የወጣሁት አልኳት» አልኩ በመጨረሻ፤ እንባዬ መጣ፤ አልጠረግኩትም።

እናቴ ያን ጊዜ ከሰውየው ፊቷን መልሳ ወደ እኔ ዞረች። ካሜራውንም፣ መብራቱንም፣ ያ ሁሉ ሰው መኖሩንም የረሳች ይመስለኛል።

«እዚያ ቤት ብቻሽን ስትሆኚ ትፈሪ ነበር?» አለችኝ።

በዚያ ሁሉ ዓመት ጠይቃኝ አታውቅም።

«አዎ እማዬ» አልኩ። «ቧንቧው ሲንኳኳ ሰው የመጣ ይመስለኝ ነበር። ያኔ ቴሌቪዥኑን ከፍ አደርገዋለሁ።»

ራሷን ነቀነቀች። «አውቄ ነበር» አለች። «በስልኩ ሁልጊዜ ከፍ ብሎ ነበር የሚሰማኝ። ልጄ ፈርታለች እላለሁ፤ መሄድ አልችልም።»

ተነስቼ አጠገቧ ተቀመጥኩ። እጄን ያዘችው፤ እጇ ሞቅ ያለ፣ የሥራ ሻካራነቱ ከጣቷ ያልለቀቀ ነው። ታሪክ ጸሐፊው ትርጉም እየጠበቁ እንደሆነ ያወቅኩት ቆይቼ ነው። ይኼኛው የኛ ነው አልኳቸው በእንግሊዝኛ። በሙያዬ እንዲህ ብዬ አላውቅም። እሳቸው ጭንቅላታቸውን ዝቅ አድርገው እሺ አሉ፤ ካሜራማኑም አላጠፋውም። በኋላ በር ላይ ስሸኛቸው፣ ያን ሁሉ ዓመት ወደ ካሜራ ሲናገሩ ከቴሌቪዥኑ መስተዋት ወዲያ ማን እንዳለ አስበው እንደማያውቁ ነገሩኝ። የድምፅ ባለሙያው ማቀዝቀዣውን ሰክቶ ቁልፉን አወጣ፤ እናቴም የቀረውን ክትፎ ቋጥራ ለሁሉም ሰጠቻቸው።

ፊልሙ የወጣው ባለፈው ክረምት ነው። እናቴን አሌክሳንድሪያ አምጥቼ፣ እኔ፣ እሷና የአሥራ ስድስት ዓመት ልጄ ሳሎን ተቀምጠን አየነው። የእናቴ ታሪክ ወደ መጨረሻው ላይ ነው የገባው። እስከ «ፈቃዱ» ድረስ የኔ ድምፅ በእንግሊዝኛ ይሰማል። ከዚያ በኋላ እናቴና እኔ የተነጋገርነውን ታሪክ ጸሐፊው እንዳለ ትተውታል፤ ከሥሩ ጽሑፍ የለ፣ ማብራሪያ የለ። ሁለት ሴቶች በማይታወቅ ቋንቋ ይነጋገራሉ፤ እጅ ለእጅ ይያያዛሉ፤ በቃ።

ልጄ አማርኛ ትሰማለች፤ ስታወሩ ግን ትፈጥናላችሁ ትለናለች። አያቷ ምን እንዳለችኝ በእንግሊዝኛ ጠየቀችኝ። ለእሳቸው የከለከልኩትን ለእሷ ተረጎምኩላት። አያቷ ምን እንደጠየቀችኝ፣ እኔ ምን እንዳልኩ፣ ድምፁ ከፍ ማለቱን በስልክ እንዴት እንዳወቀችው።  ልጄ ከሶፋው ወርዳ አያቷ እግር ሥር ምንጣፉ ላይ ተቀመጠችና፣ በተሰባበረ አማርኛዋ፣ ታሪክ ጸሐፊውም እኔም ጭራሽ ያላሰብነውን ጠየቀች።

«አንቺስ? ብቻሽን ስትመጪ ፈራሽ?»

እናቴ አየቻት። ከጉንጯ ላይ ጸጉሯን መለሰችላት።

«በጣም» አለች። «በጣም ነው የፈራሁት፣ የኔ እናት።»

ቴሌቪዥኑ ላይ ታሪክ ጸሐፊው ፊልማቸውን ሊዘጉ፣ በዚያ በሚገርመው ድምፃቸው የመጨረሻውን ንግግር ጀምረዋል። እናቴ ወደ እኔ ዞር ብላ «እስቲ ሰውዬሽን አጥፊልኝ፣ ልንገራት» አለች። አጠፋኋቸው። ከአውሮፕላኑ ጀመረች።